ከአር-12 ወደ አር-134ኤ፦ የአሮጌ ላንድክሩዘር ኤሲ ቅየራ በአንድ የድሬዳዋ ጋራዥ

ድሬዳዋ የሚገኝ አንድ አነስተኛ ጋራዥ የቤተሰባችንን ቶዮታ ላንድክሩዘር 60 ኤሲ ከአሮጌው አር-12 ማቀዝቀዣ ጋዝ እሱን ወደተካው አር-134ኤ ቀይሮልናል። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተመረተ ነው። ፍርዴን ከመጀመሪያው ለማስቀመጥ ያህል፣ ሥራው የተከፈለበትን ገንዘብ ያወጣል፤ መኪናው መንገድ ላይ ሲሄድ በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ግን ቅዝቃዜው ይደክማል። ጋራዡ ጋዝ ከመሙላቱ በፊት በሠራው ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከዚያ ውጭ ባሉት ጥቃቅን በሚመስሉ ነገር ግን ጥቃቅን ባልሆኑ ጉዳዮች ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይጎድለዋል።

ቅየራው ለምን እንደሚያስፈልግ በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። አር-12 የኦዞንን ንጣፍ ከሚጎዱት ክሎሪን አዘል ጋዞች አንዱ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት አማካይነት ያደጉት አገሮች እስከ 1995 መጨረሻ፣ በማደግ ላይ ያሉት ደግሞ እስከ 2010 ማምረትና ከውጭ ማስገባት እንዲያቆሙ ተወስኗል። የመኪና አምራቾችም በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት አዳዲስ ምርቶቻቸውን ወደ አር-134ኤ አዛውረዋል። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ያለው ሰው ጋዙ ሲያልቅበት ያለው ምርጫ መስኮት ከፍቶ መሄድ ወይም ሲስተሙን መቀየር ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ ከአማራጭነት አልፏል። ከመተሐራ እስከ ሚኤሶ ያለውን ቆላ በቀትር ያቋረጠ ሰው ኤሲ ቅንጦት ነው የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰጥቶ አያዳምጠውም።

አስቸጋሪው ነገር ቅየራ የሚለው ስያሜ ሁለት በጣም የተለያዩ አገልግሎቶችን መሸፈኑ ነው። ርካሹና በየቦታው የሚገኘው አገልግሎት በአሮጌው መሙያ አፍ ላይ መገጣጠሚያ አሥሮ፣ አዲሱን ጋዝ በአሮጌው ዘይት ላይ መልቀቅ ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ የሚያስከትለው ጉዳት የሚመነጨው ከዘይቱ ነው። አር-12 የሚሠራው ከማዕድን ዘይት ጋር ሲሆን፣ ሁለቱ ተዋሕደው በቱቦዎቹ ውስጥ ስለሚዞሩ ዘይቱ ተመልሶ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ያለሰልሰዋል። አር-134ኤ ግን ከማዕድን ዘይት ጋር አይዋሐድም፤ በመሆኑም ዘይቱ ወደ መኪናው የሚገባውን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩም ያለ ቅባት እየተፋጨ ይሠራል። መኪናው ለጥቂት ወራት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ኮምፕሬሰሩ መጮህ ይጀምራል፣ የተፋቀው ብረትም በሲስተሙ ሁሉ ይበተናል፣ ባለመኪናውም «አዲሱ ጋዝ ለአሮጌ መኪና አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ጥፋቱ ግን የጋዙ አልነበረም።

እኛ የሄድንበት ጋራዥ በዚህ መንገድ አልሠራም። መኪናው ሲገባ ሲስተሙ ባዶ ነበር። የሥራው ኃላፊ እንደ ከተማው ወግ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያለ የሚያነጋግር ጠና ያለ ሰው ነው፤ ገና ኮፈኑ ሲከፈት «አንተ፣ መጀመሪያ ጋዙ በየት እንደወጣ እንወቅ፤ ቀዳዳውን ሳንደፍን ብንሞላው ነገ ተመልሰህ ትመጣለህ» አለኝ። ከዚያም በሲስተሙ ውስጥ ደረቅ ናይትሮጅን ሞልቶ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በሳሙና አረፋ ፈተሸ። ፍሳሹ የተገኘው የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ በሚያስወጣው ኮንደንሰር መግቢያ ላይ ባለ መገጣጠሚያና በኮምፕሬሰሩ ዘንግ ዙሪያ ባለው ማሸጊያ ላይ ነው። ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ኤሲያቸው ሳይሠራ በቆሙ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው፤ ዘንጉ ካልዞረ ማሸጊያው ዘይት ስለማያገኝ ይደርቃል። በክረምትም ቢሆን ኤሲን አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃዎች መክፈት የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኮምፕሬሰሩ ወርዶ ዘይቱ ሲገለበጥ ቀለሙ ታየ፤ ጠቁሮ ወይም የብረት ብናኝ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሥራው እዚያው ቆሞ ስለ ሌላ ኮምፕሬሰር መነጋገር ይኖርብን ነበር። ደግነቱ ንጹሕ ነበር። የዘንጉ ማሸጊያ ተለወጠ፤ ኢቫፖሬተሩ፣ ኮንደንሰሩና ቱቦዎቹ በማጠቢያ ፈሳሽ ታጥበው በናይትሮጅን ተነፉ፤ ከዚያም በአምራቹ መመሪያ ልክ ኤስተር ዘይት ተጨመረ። እዚህ ላይ የዘይቱን ምርጫ ማድነቅ ይገባኛል። አዳዲስ መኪኖች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ፓግ የተባለውን ዘይት ስለሆነ፣ ብዙ ጋራዦች እጃቸው ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ፓግ ግን እርጥበትን ከአየር በፍጥነት ይስባል፣ ከአሮጌው ጋዝ የተረፈ የክሎሪን ቅሪትንም እንደ ኤስተር አይችልም። ከታጠበ በኋላም እንኳ በየጥጋጥጉ ጥቂት የማዕድን ዘይት ለሚቀርበት አሮጌ ሲስተም ኤስተር ይሻላል።

በሲስተሙ ውስጥ ያለውን እርጥበት የሚይዘውን ድራየር በተመለከተ ድርድር የለም። በአር-12 ዘመን በነበሩት ድራየሮች ውስጥ ያለው ኤክስኤች-5 የተባለው እርጥበት መጣጭ ለአር-134ኤ አይስማማም፤ ኤክስኤች-7 ወይም ኤክስኤች-9 ያለበት አዲስ ድራየር ግድ ነው። ጋራዡ ያለ ክርክር ለወጠው፤ የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ የሚታሰርበት አፍ ያለውን መርጦም ገጠመ፤ ምክንያቱም የእኛ መኪና ግፊት ሲበዛ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አልነበረውም። ጥቁሮቹ አሮጌ ኦሪንጎች (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ ቀለበቶች) ሁሉ ወጥተው ለአዲሱ ጋዝና ዘይት በተሠሩት አረንጓዴዎች ተተኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ኦሪንግ፣ ጋዙ ቢቀየርም ባይቀየርም፣ መለወጡ አይቀርም ነበር።

ቱቦዎቹ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ግን ሊያከራክር ይችላል። የአር-134ኤ ሞለኪውል ከአር-12 ያነሰ በመሆኑ በአሮጌ ጎማ ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል፤ የአዳዲስ መኪኖች ቱቦ ይህን ለመከላከል ከውስጥ የናይሎን ሽፋን አለው። ጋራዡ የለወጠው ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ የሚሄደውን የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩትን «ዘመኑን ሙሉ ዘይት የጠጣ ጎማ በቀላሉ አያሳልፍም» በማለት ትቷቸዋል። አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በጎማው ውስጥ የሰረገው ዘይት ፍሰቱን በእርግጥ ይቀንሰዋል። ሙሉ ለሙሉ መለወጡ ግን የተሻለ በሆነ ነበር፤ ቢያንስ ምርጫው ለባለመኪናው መቅረብ ነበረበት። በሌላ በኩል፣ አዲሱን ቱቦ ለኤሲ ተብሎ ከተሠራ ጎማ ማሠራታቸው ጥሩ ነው፤ የሃይድሮሊክ ቱቦ ቆርጠው የሚገጥሙ አሉ፤ የሃይድሮሊክ ቱቦ ግፊት ይችላል እንጂ ጋዝ ለመያዝ አልተሠራም።

ከሁሉም በላይ የጋራዡን ችሎታ ያየሁት በቫክዩሙ ሥራ ላይ ነው። ሲስተሙ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየርና እርጥበት እንዲወጣለት በፓምፕ ይመጠጣል፤ ግፊቱ በቂ ሆኖ ሲወርድ በውስጡ የቀረው ውኃ በተለመደው የአካባቢ ሙቀት ፈልቶ ተንኖ ይወጣል። እርጥበት ከቀረ ከዘይቱ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይፈጥራል፣ ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተሩ በሚያሳልፈው ኤክስፓንሽን ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳ ላይም በረዶ ሆኖ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። መመሪያዎቹ የተጻፉት ለባሕር ጠረፍ በመሆኑ ግን እኛ አገር ላይ ግራ መጋባት ይፈጥራሉ። የግፊት መለኪያው ጌጅ የሚለካው በዙሪያችን ካለው የአየር ግፊት አንጻር ስለሆነ፣ ሲስተሙ ፍጹም ባዶ ሲሆን ጂቡቲ ላይ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ያነባል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ድሬዳዋ 26 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 23 አካባቢ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የሚመጠጥ ነገር ስለሌለ አይሄድም። ይህን የማያውቅ መካኒክ ደህናውን ፓምፕ «ደክሟል» ብሎ ይጥላል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። የባሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 20 ላይ የቆመውን መርፌ አይቶ «የአዲስ አበባ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ እርጥበቱን ውስጥ አስቀርቶ መዝጋት ነው። የድሬዳዋው ባለሙያ ለከተማው የሚገባውን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል፤ ፓምፑን አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ካሠራ በኋላ ቫልቮቹን ዘግቶ መርፌው መመለስ አለመመለሱን ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ትክክለኛው መሣሪያ ከከፍታ ጋር የማይለዋወጠው የማይክሮን ጌጅ ሲሆን፣ ውስጥ የቀረው ግፊት 500 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች መድረሱን ያሳያል፤ ይህ መሣሪያ በጋራዡ የለም፤ ቢኖር ግምቱን በልኬት ይተካው ነበር።

አሞላሉም በሚዛን ነበር። ይህን ለይቼ የማነሳው ብዙዎች አሁንም በድራየሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ስለሚሞሉ ነው፤ በአር-12 ጊዜ አረፋው ጠፍቶ መስታወቱ ሲጠራ «ሞልቷል» ይባል ነበር። በተቀየረ ሲስተም ላይ መስታወቱ እስኪጠራ መሙላት ከልክ በላይ መሙላት ነው፤ የተለመደው መጠን ከቀድሞው የአር-12 ክብደት ከ80 እስከ 85 በመቶ ገደማ ነው። የኤሲው መለያ ሰሌዳ 900 ግራም የሚል መኪና ቢኖር ከ720 እስከ 765 ግራም ይበቃዋል ማለት ነው። ባለሙያው ከዝቅተኛው ጀምሮ ግፊቱንና ከማናፈሻው የሚወጣውን አየር ሙቀት እያየ ጥቂት ጥቂት ጨመረ። ጌጁ ላይ ያለው፣ ግፊትን ወደ ሙቀት የሚተረጉመው መስመርም የሚያሳስተው በዚያው በከፍታ ምክንያት ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ያው ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ሳለ አዲስ አበባ ላይ መርፌው ከባሕር ጠረፍ ንባብ በሩብ ባር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል።

ወደ ውጤቱ ስንመጣ፣ በግንቦት ቀትር የውጪው አየር 36 ዲግሪ ሲሆን በአስፋልት ላይ በተለመደው ፍጥነት ስንሄድ ከክሩስኮቱ መካከለኛ ማናፈሻ የሚወጣው አየር 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ ለዚህ ዕድሜ መኪና በጣም ጥሩ ነው። መጋላ ገበያ ዙሪያ በባጃጅና በጋሪ መካከል ቆም ሄድ ስንል ግን ወደ 18 ዲግሪ ይወጣል፤ ኋላ የተቀመጠ ሰውም ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። ምክንያቱ ከጋዙ ጠባይ ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ የሁለቱ ጋዞች ግፊት ተቀራራቢ ነው፤ እንዲያውም የአር-134ኤ በትንሹ ያንሳል። ኮንደንሰሩ 60 ዲግሪ ሲደርስ ግን አር-12 15 ባር ገደማ ላይ ሲሆን አር-134ኤ ወደ 17 ባር ይጠጋል። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ የበለጠ ይለፋል፣ ኮንደንሰሩም የተሻለ የአየር ንፋስ ይፈልጋል። መኪናው ሲሮጥ ንፋሱ ከፊት ይመጣል፤ ሲቆም ያለው የሞተሩ ቬንትሌተር ብቻ ነው፤ ሞተሩም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ቬንትሌተሩ የሚስበው ጥቂት ነው።

መፍትሔዎቹ ሁለት ናቸው፤ ጠፍጣፋ ቀጫጭን መተላለፊያ ያለውን ዘመናዊ ኮንደንሰር መግጠም፣ ወይም በአሮጌው ፊት የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር መጨመር። ጋራዡ ሁለተኛውን መረጠ፤ ከሌላ መኪና የወጣ ቬንትሌተር ገጥሞ ከኮምፕሬሰሩ ጋር አብሮ እንዲነሳ አደረገው፤ ገበያ መካከል ያለው ንባብም ወደ 14 ዲግሪ ወረደ። የሽቦ ሥራው ግን ከቀረው ሥራ ጋር የማይመጣጠን ነው። ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ነበረው፣ ፊውዝ ግን አልነበረውም፤ ከባትሪው በቀጥታ የተሳበ ሽቦ ያለ ፊውዝ በኮፈን ሥር መተው የእሳት መንገድ መክፈት ነው። ስንጠይቅ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስገቡልን፤ ሳይጠየቅ መደረግ የነበረበት ነው።

ሌሎቹ ጉድለቶች ከባድ ናቸው ባይባሉም መጠቀስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የጽሑፍ ምልክት አለመለጠፉ ነው። የተቀየረ መኪና ኮፈን ሥር የጋዙ ዓይነት፣ የዘይቱ ዓይነት፣ መጠኑና ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ካልተለጠፈ፣ ከዓመታት በኋላ የሚከፍተው ባለሙያ ምን እንደሚጨምር አያውቅም፤ እኛ ራሳችን ጽፈን ለጠፍን። አዲሶቹ የመሙያ አፎች መገጠማቸው በከፊል ይረዳል፤ የዝቅተኛው ግፊት አፍ 13፣ የከፍተኛው 16 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ የአር-12 ጌጅ አይገባባቸውም፣ እርስ በርስም አይምታቱም። ሁለተኛው ጉድለት ጋራዡ ጋዝ መለያ መሣሪያም ሆነ ጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን የሌለው መሆኑ ነው። የእኛ ሲስተም ባዶ በመሆኑ የወጣ ጋዝ አልነበረም፤ አጠገባችን ቆሞ የነበረው መኪና ጋዝ ግን ቫልቩ ተከፍቶ እያፏጨ ወደ ሰማይ ሲሄድ አይተናል። አር-12 የምድርን ሙቀት በማባባስ ረገድ ከተመሳሳይ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ10,000 ጊዜ በላይ፣ አር-134ኤም 1,400 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ አገሪቱም የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716/2003ን ያወጣችው ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። የመሰብሰቢያ ማሽኑ ዋጋ ለአነስተኛ ጋራዥ እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ቢሆንም ቢያንስ ሌላ ቦታ ተበድሮ ወይም ተከራይቶ መሥራት ይቻላል።

ከአገልግሎቱ ጋር ተያይዞ አንድ በጎ ነገር ልጨምር። ጋራዡ ቡታጋዝ መሰል የሚቀጣጠሉ ጋዞችን በአር-12 ምትክ ለመሙላት ፈቃደኛ አይደለም። እነዚህ ጋዞች ከማዕድን ዘይት ጋር ስለሚስማሙና ጥሩ ስለሚያቀዘቅዙ ርካሽ መፍትሔ መስለው ይታያሉ፤ ኢቫፖሬተሩ የሚገኘው ግን በክሩስኮቱ ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ነው፤ እዚያ ላይ ፍሳሽ ሲኖርና የማናፈሻው ሞተር ብልጭታ ሲገናኙ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ጋዙን ከየት እንደሚገዙ መጠየቅም አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ2011 አር-134ኤ ተብሎ በተሸጠ የሐሰት ጋዝ ምክንያት የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል፤ በጋዙ ውስጥ የተቀላቀለው ሜቲል ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ተገናኝቶ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል ውሑድ ይፈጥራል። የመኪና ኤሲ ክፍሎችም በአብዛኛው አሉሚኒየም ናቸው።

አንዳንዶች አልፈው አር-1234ዋይኤፍ ወደተባለው አዲስ ጋዝ ለምን አንቀይርም ይላሉ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች አር-134ኤ ይዘው እንዳይሸጡ የተከለከለ ሲሆን፣ የተተካውም በአብዛኛው በዚህ ጋዝ ነው፤ ከባቢ አየርን የሚጎዳበት መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ነገር ግን ዋጋው ከፍተኛ ነው፣ በመጠኑም ይቀጣጠላል፣ ሲስተሙም ከመጀመሪያው ለእሱ ታስቦ መሠራት ይኖርበታል። ለአርባ ዓመት ላንድክሩዘር የሚሆን አይደለም።

ወጪው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ጋዙ ሳይሆን ድራየሩ፣ ቱቦው፣ ማሸጊያውና የእጅ ዋጋው ነው። ስለዚህ ሌላ ጋራዥ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ ቢል፣ የተቀነሰው ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያሻል። አር-12 ሞልቶ ሳይፈስ በደንብ የሚሠራ ሲስተም ያለው ሰው ባይነካካው ይሻለዋል። ኮምፕሬሰሩ አስቀድሞ የሚጮህ መኪና ያለውም መጀመሪያ ለአር-134ኤ የተሠራ ኮምፕሬሰር ቢፈልግ ይመረጣል። ሲስተሙ ባዶ ሆኖ ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ የሆነ ሰው ግን ይህን ጋራዥ ሊሞክረው ይችላል፤ የቬንትሌተሩን ሽቦ ራሱ እያየ ያሠራ፣ የቀሩት ቱቦዎችም እንዲለወጡ ይጠይቅ። ዋስትና ይሰጣሉ፤ የሚሰጡት ግን በቃል ብቻ ስለሆነ፣ የጋዙ መጠን፣ የዘይቱ ዓይነትና የዋስትናው ጊዜ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል።